ከቮድቪል መድረክ እስከ ራዲዮና ቴሌቪዥን፤ የቀልደኛው የጃክ ቤኒ ሥራ

መግቢያ

በሃያኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ ስድሳ ዓመታት ውስጥ በአሜሪካ አገር የሕዝቡ መዝናኛ ብዙ ጊዜ መልኩን ለውጧል። መጀመሪያ ሕዝቡ ለመሣቅና ለመደሰት ወደ መድረክ ቴአትር ይሄድ ነበር። ቀጥሎ ፊልምና ራዲዮ መጡ፤ በመጨረሻም ቴሌቪዥን የሁለቱንም ገበያ ተሻማ። በእነዚህ ለውጦች መካከል በመድረክ ላይ ስመ ጥር የነበሩ ብዙ ሰዎች ሥራቸውን አጥተው ተረሱ። ጥቂቶች ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ተሻግረው ስማቸውን እንደ ጠበቁ ኖሩ። ከእነዚህም አንዱ ጃክ ቤኒ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሰውየውን ታሪክ ከልደቱ እስከ ሞቱ ለመተረክ ብቻ አይደለም። ለመመርመር የታሰበው ጥያቄ የሚከተለው ነው፤ በመድረክ ላይ የሠለጠነ ቀልደኛ፥ አድማጩ ፊቱንም ሆነ እጁን በማያይበት በራዲዮ፥ ሃያ ሦስት ዓመት ያህል ሳይሰለች ሊደመጥ የቻለው በምን ምክንያት ነው? ጸሐፊው እንደሚያምነው መልሱ ቤኒ ብዙ ቀልድ በማወቁ አይደለም። ቀልድን ከማከማቸት ይልቅ አንድ የታወቀ ጠባይ ያለው ሰው ስለ ፈጠረና ሣቁም በሌሎች ላይ ሳይሆን በራሱ ላይ እንዲወርድ ስላደረገ ነው። ሣቁ በሌላ ሰው ላይ በወረደ ጊዜም ምን ዐይነት ችግር እንደ ተነሣ ከዚህ በታች እንመለከታለን።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል ያስፈልጋል።

1. ቮድቪል ምን ነበር?

ቮድቪል ከ1880ዎቹ ጀምሮ እስከ 1930ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በአሜሪካ ከተሞች ሁሉ ተስፋፍቶ የነበረ የመድረክ ትርኢት ነው። አንድ ወጥ ታሪክ ያለው ድራማ አልነበረም። በአንድ ምሽት ስምንት ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑ፥ እርስ በርሳቸው የማይገናኙ ትርኢቶች ተራ በተራ ይቀርቡ ነበር። ዘፋኙ ሲወርድ ኳስ እየወረወረ የሚቀልበው ይወጣል፤ እርሱ ሲጨርስ የሠለጠኑ ውሾች ይመጣሉ፤ ከእነርሱም በኋላ ቀልደኛው፥ ጭፈረኛው፥ አጭር ተውኔት የሚጫወቱት ይከተላሉ። የእያንዳንዱ ጊዜ ዐሥር፥ ዐሥራ አምስት ወይም ሃያ ደቂቃ ያህል ነበር።

ቴአትር ቤቶቹ በብዛት በጥቂት ባለ ሀብቶች እጅ ነበሩ። በምሥራቁ ክፍል ኪዝና አልቢ የተባሉት ሰዎች፥ በምዕራቡ ክፍል ኦርፊየም የተባለው ድርጅት ዋነኞቹ ነበሩ። እነዚህ ባለ ሀብቶች ሴቶችና ልጆች ያለ እፍረት ገብተው እንዲያዩ ስለ ፈለጉ፥ ጸያፍ ንግግር በመድረክ ላይ እንዳይሰማ አጥብቀው ይከለክሉ ነበር። በ1913 በኒው ዮርክ የተከፈተው ፓላስ ቴአትር የቮድቪል ሰዎች ሁሉ የሚመኙት ከፍተኛ መድረክ ሆነ።

ለዚህ ጥናት ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመን ግን የአሠራሩ ሥርዓት ነው። የቮድቪል ተጫዋች በባቡር ከከተማ ወደ ከተማ ይዞር ስለ ነበረ በየሳምንቱ የሚያገኘው ተመልካች አዲስ ነበር። በመሆኑም አንድ ሰው ዐሥራ አምስት ደቂቃ የሚሆን ጥሩ ትርኢት ካዘጋጀ፥ ያንኑ እያሻሻለ ለብዙ ዓመታት እንጀራ ሊበላበት ይችል ነበር። የትኛው ቃል እንደሚያሥቅና የትኛው እንደሚከሽፍ፥ የት ላይ ቆም ማለት እንደሚገባም በሺህ ጊዜ ድግግሞሽ ይማረው ነበር። ቮድቪል ትምህርት ቤትም ገበያም ነበረ ማለት ይቻላል።

2. ቫዮሊን የያዘው ልጅ

ጃክ ቤኒ የተወለደው በቺካጎ ከተማ የካቲት ወር 1894 ነው። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ቤንጃሚን ኩቤልስኪ ይባላል። አባትና እናቱ በጊዜው በሩሲያ ግዛት ሥር ከነበሩ አገሮች የተሰደዱ አይሁድ ነበሩ። አባቱ በዎኪጋን ከተማ በመጀመሪያ የመጠጥ ቤት፥ ኋላም የልብስ ሱቅ ነበረው። ወላጆቹ ልጃቸው ታላቅ የሙዚቃ ሊቅ እንዲሆንላቸው ተመኝተው ገና በስድስት ዓመቱ ቫዮሊን አስተማሩት። ልጁ ግን ልምምድ የማይወድ፥ በትምህርቱም የማይተጋ ስለ ነበረ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሳይጨርስ ቀረ። በዎኪጋን በሚገኝ የቮድቪል ቴአትር ውስጥ ከሙዚቃ ጓዱ ጋር ቫዮሊን መጫወት ጀመረ። ያ ቴአትር በተዘጋ ጊዜ፥ በ1912 ገደማ፥ ፒያኖ ከምትጫወት ሴት ጋር ሆኖ በየከተማው መዞር ያዘ።

በዚህ ጊዜ የገጠመው የስም ነገር የሚያስገርም ነው። ያን ኩቤሊክ የሚባል ዝነኛ የቫዮሊን ሊቅ ነበርና ስማችን ይመሳሰላል ብሎ ስለ ተቃወመ፥ ወጣቱ ስሙን ወደ ቤን ቤኒ ለወጠ። ዓመታት ካለፉ በኋላ ደግሞ ቤን በርኒ የሚባል ሌላ የመድረክ ሰው ይኸኛውም ስም የእኔን ይመስላል አለ። ስለዚህ ለሁለተኛ ጊዜ ስሙን ለውጦ ጃክ ቤኒ ተባለ። ጃክ የሚለው መጠሪያ የመርከብ ወታደሮች እርስ በርሳቸው የሚጠራሩበት ነበር።

የመርከብ ወታደርነቱ ራሱ ለሥራው መለወጫ ሆነ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሚሺጋን ሐይቅ አጠገብ ባለው በግሬት ሌክስ የባሕር ኀይል ሠፈር ያገለግል ነበር። በዚያ ለወታደሮች ቫዮሊን ሲጫወት ሰሚዎቹ እንዳልወደዱለት፥ ቫዮሊኑን ወደ ጎን አድርጎ ጥቂት ቃላት ሲናገር ግን እንደ ሣቁለት ራሱ ተርኳል። ከጦርነቱ በኋላ ብቻውን ወደ መድረክ ሲመለስ ቫዮሊኑን አልጣለም፤ ነገር ግን የሚይዘው ለመጫወት ሳይሆን እጁ ባዶ እንዳይሆን ነበር። በመጨረሻ ያው ቫዮሊን የቀልዱ ዋና መሣሪያ ሆነ። ታላቅ የሙዚቃ ሊቅ ነኝ ብሎ የሚያምን፥ ግን ገና ሲነካው ሰው ሁሉ ጆሮውን የሚይዝበት ሰው ሆኖ ለመቅረብ አገልግሎታል።

በ1920ዎቹ ውስጥ የቤኒ ስም በቮድቪል እየታወቀ ሄደ። ከሌሎቹ ቀልደኞች የሚለየው በእርጋታው ነበር። ሌሎቹ የተቀዳደደ ልብስ ለብሰው፥ ፊታቸውን ቀብተው፥ እየሮጡና እየወደቁ ሲያሥቁ፥ እርሱ ደኅና ልብስ ለብሶ፥ በዝግታ እየተራመደ፥ ለጎረቤቱ እንደሚያወራ ሰው ይናገር ነበር። በ1927 ሴዲ ማርክስ የምትባለውን ወጣት አገባ። እርስዋም በኋላ ሜሪ ሊቪንግስተን በተባለው የመድረክ ስም የሥራው ተካፋይ ሆነች።

3. ራዲዮ ያመጣው ችግር

በ1927 ድምፅ ያለው ፊልም ተጀመረ። በ1929 የገበያ ውድቀት በመላው አገር ደረሰ። ከዚህም ጋር ራዲዮ በየቤቱ ገባ። አንድ ሠራተኛ ገንዘብ ከፍሎ ወደ ቴአትር በመሄድ ፈንታ ምሽቱን በቤቱ ተቀምጦ በነፃ መሣቅ ቻለ። ቴአትር ቤቶች አንድ በአንድ ወደ ሲኒማ ቤትነት ተለወጡ፤ ታላቁ ፓላስ እንኳ በ1932 የሲኒማ ቤት ሆነ። ቤኒም በ1929 በሆሊዉድ በተሠራ አንድ የሙዚቃ ፊልም ውስጥ ትርኢት አስተዋዋቂ ሆኖ ሠርቶ ነበር፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ የሠራቸው ጥቂት ፊልሞች ብዙም አላስጠሩትም።

በመጋቢት 1932 በአንድ የጋዜጣ ጸሐፊ የራዲዮ ፕሮግራም ላይ እንግዳ ሆኖ ቀረበ። ስሙን ከተናገረ በኋላ አድማጮቹ ‘ለእኛ ምናችን ነው’ እንዲሉ ጥቂት ጊዜ እንደሚሰጣቸው በመግለጽ ጀመረ። በዚህ አጭር ንግግር ውስጥ የኋላው ቤኒ ሁሉ አለ፤ ራሱን ዝቅ ማድረግ፥ ቆም ማለትና ሰሚውን የቀልዱ ተካፋይ ማድረግ። በግንቦት ወር በዚያው ዓመት የለስላሳ መጠጥ ነጋዴ የሆነው ካናዳ ድራይ ኩባንያ ወጪውን ችሎ የራሱን ፕሮግራም ሰጠው።

ወዲያው ግን አንድ ከባድ ችግር ተገለጠ። በቮድቪል ዐሥራ አምስት ደቂቃ ለዓመታት ትበቃ ነበር። በራዲዮ ግን በአንድ ምሽት የተነገረው ቀልድ በአንድ ጊዜ በመላው አገር ስለሚሰማ በሚቀጥለው ሳምንት ሊደገም አይችልም። በዓመት ከ35 ሳምንት በላይ፥ በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት የሚሠራ ሰው ከዐሥራ ሰባት ሰዓት በላይ የሚሆን አዲስ ነገር ማቅረብ አለበት። አንድ የቮድቪል ሰው በሕይወቱ ሙሉ ያጠራቀመውን ራዲዮ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይጨርስበታል ማለት ነው። ብዙ ቀልደኞች ከቀልድ መጻሕፍት እየለቀሙ አንድ ሁለት ዓመት ከሠሩ በኋላ ባዶ እጃቸውን ቀሩ።

4. ቀልድ ሳይሆን ጠባይ

ቤኒ ለዚህ ችግር ያገኘው መፍትሔ ሁለት ነገሮችን ያጠቃልላል። አንደኛው ጸሐፊዎችን መቅጠር ነው። መጀመሪያ ሃሪ ኮን የተባለው፥ ከ1936 በኋላም ሌሎች ጸሐፊዎች በየሳምንቱ ከእርሱ ጋር ተቀምጠው ይሠሩ ነበር። ቤኒ ራሱ የተጻፈውን በማረም የታወቀ ነበር፤ አንዲት ትርፍ ቃል እንኳ ብትገኝ እንድትወጣ ያደርግ ነበር።

ሁለተኛውና ዋነኛው ግን ከቀልድ ይልቅ ጠባይን መሠረት ማድረጉ ነው። በራዲዮ ላይ ጃክ ቤኒ የሚባል አንድ ሰው ተፈጠረ። ይህ ሰው እጅግ ቆንቋና ነው፤ ገንዘቡን ከቤቱ ሥር በጥልቅ ጕድጓድ ውስጥ ደብቆ በዘበኛ ያስጠብቃል። መሥራቹ ኩባንያ ስሙ ከገበያ ከጠፋ ብዙ ዓመት የሆነውን ማክስዌል የተባለውን አሮጌ አውቶሞቢል ሊለውጠው አይፈልግም። በመልኩ ይመካል። ዕድሜውም ከ39 ዓመት አያልፍም፤ ዓመት በመጣ ቊጥር ያው 39 ነው። ቫዮሊን ግን አሳምሬ እጫወታለሁ ይላል።

ይህ ጠባይ በሕዝቡ ዘንድ ከታወቀ በኋላ ጸሐፊው ከዜሮ መነሣት አያስፈልገውም። ለምሳሌ አንድ የምግብ ቤት አሳላፊ የሒሳቡን ወረቀት በጠረጴዛው ላይ ሲያኖር፥ ቤኒ ገና ምንም ሳይናገር አድማጩ ይሥቃል። ምክንያቱም አድማጩ ሰውየውን ያውቀዋል፤ የቀልዱን ግማሽ ራሱ ይፈጽመዋል። በሰፈራችን ያለ የታወቀ ገብጋባ ሰው ለድግስ ገንዘብ አዋጣ ሲባል ገና ፊቱን አይተን እንደምንሥቀው ማለት ነው። ቀልድ አንድ ጊዜ ከተነገረ ያልቃል፤ ጠባይ ግን በአዲስ ሁኔታ ውስጥ በገባ ቊጥር አዲስ ሣቅ ያፈራል።

በዙሪያውም ሌሎች ሰዎች ተሰበሰቡ። ሚስቱ ሜሪ በፕሮግራሙ ላይ እንደ ሚስት ሳይሆን እንደ ምላሰኛ ጓደኛ ትናገረዋለች። አስተዋዋቂው ዶን ዊልሰን በውፍረቱ፥ የሙዚቃ ጓዱ መሪ ፊል ሃሪስ በመጠጥ ወዳድነቱ፥ ከ1939 ጀምሮ የነበረው ዘፋኙ ዴኒስ ዴይ በየዋህነቱ ይታወቃሉ። አሮጌው አውቶሞቢል ሲያስልና ሲንተፋተፍ የሚሰማው ድምፅ ሜል ብላንክ የተባለው ሰው ከጉሮሮው የሚያወጣው ነበር። በሌሎች ፕሮግራሞች አለቃው የሚያሥቅ፥ የቀሩት የሚሣቅባቸው ነበሩ። በቤኒ ፕሮግራም ግን ሥርዓቱ ተገለበጠ፤ አለቃው ራሱ የሁሉም መሣቂያ ሆነ። ጥሩ ጥሩው ቃል ለሌሎቹ ይሰጣል፤ ቤኒ የሚቀበለው የቃሉን ምት ብቻ ነው። ሌላው ቢያሥቅም ሕዝቡ ሲነጋ የሚያመሰግነው የቤኒን ፕሮግራም ስለ ሆነ ከዚህ የጐደለበት ነገር አልነበረም።

በ1936 መጨረሻ ፍሬድ አለን የተባለው ሌላ የቮድቪል ተወላጅ፥ አንድ ሕፃን በፕሮግራሙ ላይ ቫዮሊን ሲጫወት ሰምቶ ጃክ ቤኒ ሊያፍር ይገባዋል ብሎ ተናገረ። ቤኒም በራሱ ፕሮግራም መለሰለት። በዚህ መንገድ የተጀመረው የሐሰት ጠብ ለብዙ ዓመታት ሲቀጥል ሁለቱ በግል ወዳጆች ነበሩ። ይህም ቢሆን የጠባይን ጥቅም ያሳያል፤ አንድ ጠብ ከመቶ ቀልድ ይልቅ ብዙ ሳምንታትን መገበ።

5. የዝምታ ጥበብ

በራዲዮ ላይ ዝምታ የሚያስፈራ ነገር ነው። ድምፅ ከተቋረጠ አድማጩ መሣሪያው የተበላሸ ይመስለዋል። ቤኒ ግን በዚሁ በዝምታ ተጠቀመበት። ዝም አይነቅዝም እንደሚባለው፥ የእርሱ ዝምታ ሳይበላሽ ቆይቶ ፍሬ የሚሰጥ ነበር።

ለዚህ ታላቁ ምሳሌ በመጋቢት 1948 የተላለፈው ክፍል ነው። ቤኒ በምሽት ብቻውን ሲሄድ አንድ ወንበዴ መሣሪያ ደግኖ ገንዘብህን ወይስ ሕይወትህን ይለዋል። ቤኒ ዝም ይላል። ዝምታው እየረዘመ ሲሄድ በስቱዲዮ ያለው ሕዝብ ቀስ በቀስ መሣቅ ይጀምራል። ወንበዴው ተቈጥቶ ጥያቄውን ሲደግም፥ ቤኒ እያሰብኩበት ነው ብሎ ይመልሳል።

በዚህ ትርኢት ውስጥ ያለውን ስንመረምር፥ ቃሉ ብቻውን ለማያውቀው ሰው ታላቅ ቀልድ አይደለም። ኀይሉን የሚሰጠው ከዚያ በፊት የተሠራው የዐሥራ ስድስት ዓመት ሥራ ነው። አድማጩ ሰውየው ስስታም መሆኑን ስለሚያውቅ በዝምታው ጊዜ በቤኒ ልብ ውስጥ የሚመላለሰውን ሒሳብ በገዛ ራሱ ጆሮ የሚሰማ ይመስለዋል። የት ላይ፥ ለምን ያህል ጊዜ ዝም ማለት እንደሚገባ ደግሞ ቤኒ የተማረው በቮድቪል ነው። የድሮው ትምህርት አልጠፋም፤ በአዲሱ መሣሪያ ላይ ሌላ አገልግሎት አገኘ እንጂ።

6. የሮቸስተር ነገር

በመጋቢት 1937 ኤዲ አንደርሰን የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ተጫዋች በባቡር ላይ የሚያገለግል ሠራተኛ ሆኖ ለአንድ ምሽት ብቻ ቀረበ። ሸካራ ድምፁና አነጋገሩ ስለ ተወደደለት ሮቸስተር በተባለ ስም የቤኒ አሽከር ሆኖ ቀረ። በጊዜው በአሜሪካ ራዲዮ ላይ ከፍ ያለ ዝናና ደመወዝ ካገኙት ጥቁር ተጫዋቾች አንዱ ነበር። በ1940 በተሠራው ‘በክ ቤኒ ራይድስ አጌይን’ በተባለውና በሌሎችም ፊልሞች ከቤኒ ጋር ሠርቷል።

ይሁን እንጂ ነገሩን በሁለት ወገን ማየት ይገባል። በአንድ ወገን ሮቸስተር ጌታውን የሚፈራ አሽከር አልነበረም። የቤኒን ስስት፥ ውሸትና ትምክህት ከሁሉ ቀድሞ የሚያየውና በድፍረት የሚናገረው እርሱ ነበር። ነጭ ጌታ በጥቁር አሽከሩ ሲረታ በሚሊዮን የሚቈጠር ሕዝብ መስማቱ በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አይደለም። በሌላው ወገን ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተጻፉለት ቀልዶች በዳይስ ቊማር፥ በመጠጥና በስንፍና ላይ የተመሠረቱ ነበሩ። እነዚህም ነጮች በጥቁር ሕዝብ ላይ ሲያወሩት የኖሩት የንቀት ወሬ ቅጂዎች ናቸው። እዚህ ላይ ሣቁ የሚወርደው በቤኒ ላይ ሳይሆን ራሱን ለመከላከል ዕድል ባልተሰጠው ሕዝብ ላይ ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፥ በአውሮፓ አይሁድ ላይ የደረሰው እልቂት ሲገለጥ፥ ቤኒ ዘርን የሚመለከቱ ቀልዶች ከፕሮግራሙ እንዲወጡ ለጸሐፊዎቹ አሳሰበ። ከዚያ ወዲህ የሮቸስተር ቀልዶች ከዘሩ ሳይሆን ከብልሃቱ የሚመነጩ ሆኑ። ነገር ግን በ1950 ጸሐፊዎቹ ጊዜ ስላጠራቸው ከጦርነቱ በፊት የተሠራውን አንድ የቆየ ጽሑፍ እንደ ገና ቢያቀርቡ ከአድማጮች ተቃውሞ ደረሰ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የአድማጩ ጆሮ ተለውጦ ነበር። ከዚህ የምንማረው፥ ጠባይን መሠረት ያደረገ ቀልድ ትልቅ ኀይል ያለው ቢሆንም፥ ያ ጠባይ የአንድ ሰው መሆኑ ቀርቶ የአንድ ዘር ሲባል ግፍ እንደሚሆን ነው።

7. ከነጋዴዎች ጋር የነበረው ግንኙነት

የአሜሪካ ራዲዮ የሚተዳደረው በማስታወቂያ ገንዘብ ስለ ነበረ ወጪውን የሚችለው ኩባንያ በፕሮግራሙ ላይ ሙሉ ሥልጣን ነበረው። ቤኒ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ በማስታወቂያው ላይ ይቀልድ ነበር። የመጀመሪያው ኩባንያ ካናዳ ድራይ ይህን ስላልወደደው አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላ አሰናበተው። ከ1934 እስከ 1942 የደገፈው ጄሎ የተባለው የጣፋጭ ምግብ ኩባንያ ግን የቤኒን ፌዝ ቻለ፤ ስሙም ከቤኒ ስም ጋር አብሮ የሚነሣ ሆነ። በ1944 ደግሞ ላኪ ስትራይክ የሲጋራ ኩባንያ ፕሮግራሙን ያዘው።

ከዚህ የበለጠ ክርክር ያስነሣው በ1948 የሆነው ነው። እስከዚያ ድረስ ቤኒ ይሠራ የነበረው በኤን.ቢ.ሲ. ራዲዮ ነበር። የተፎካካሪው የሲ.ቢ.ኤስ. መሪ ዊሊያም ፔሊ ቤኒን ለመውሰድ አዲስ ዘዴ አመጣ። ይኸውም ደመወዝ መክፈል ሳይሆን፥ ቤኒ ባለ አክሲዮን የሆነበትን ድርጅት መግዛት ነበር። በጊዜው ከፍተኛ ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ከመጨረሻው ገቢው ላይ ከ70 በመቶ በላይ ግብር ሲከፍል፥ ንብረቱን የሸጠ ሰው ግን ከትርፉ የሚከፍለው 25 በመቶ ብቻ ነበር። በጥር 1949 ቤኒ ወደ ሲ.ቢ.ኤስ. ተሻገረ፤ ሌሎች ዝነኞችም እንዲሁ ወደዚያው ሄዱ። መንግሥት ይህ ሽያጭ ሳይሆን ደመወዝ ነው ብሎ ቢከስም በ1955 የግብር ፍርድ ቤት ለቤኒ ፈረደ። አንድ ቀልደኛ በየሳምንቱ የሚቀጠር ተጫዋች ብቻ መሆኑ ቀርቶ ሥራው እንደ ንግድ ድርጅት የሚሸጥና የሚገዛ ሀብት መሆኑ በዚህ ታወቀ።

8. በፊልምና በቴሌቪዥን

ቤኒ በፊልም የራዲዮውን ያህል አልቀናውም። ከሠራቸው ሁሉ የላቀው በ1942 የወጣው፥ ኧርነስት ሉቢች ያዘጋጀው ‘ቱ ቢ ኦር ኖት ቱ ቢ’ የተባለው ነው። በዚህ ፊልም ቤኒ በናዚዎች በተያዘችው በዋርሶ የሚኖር፥ በራሱ ችሎታ የሚመካ የቴአትር ተጫዋች ሆኖ ይታያል። ይህ ሰው የሐምሌትን ንግግር ገና ሲጀምር አንድ ወጣት መኰንን በየምሽቱ ተነሥቶ ይወጣበታል። ተጫዋቹ አገሩ በጠላት እጅ ሳለች እንኳ ያንን ውርደት ሊረሳው አይችልም። በትምክህቱ የሚያሥቀው የራዲዮው ቤኒ ከአስፈሪ የታሪክ ጊዜ ጋር የተገናኘው በዚህ ነው።

ከቤኒ ጋር የሠራችው ካሮል ሎምባርድ ፊልሙ ከመውጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ በጥር 1942 በአውሮፕላን አደጋ ሞተች። ጦርነቱ ገና በመፋፋም ላይ ስለ ነበረ በናዚዎች ላይ መቀለድ ተገቢ አይደለም ያሉ ተቺዎችም ነበሩ። ዛሬ ግን ከታላላቅ የአሜሪካ ኮሜዲዎች ይቈጠራል፤ በ1996 የአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ውስጥ ገብቷል። በ1945 የወጣው ‘ዘ ሆርን ብሎውስ አት ሚድናይት’ በአንጻሩ ገበያ ስላላገኘ፥ ቤኒ ውድቀቱን ራሱ መሣቂያ አድርጎ ለብዙ ዓመታት በፕሮግራሙ ላይ ሲጠቅሰው ኖሯል።

በጥቅምት 1950 የቴሌቪዥን ፕሮግራሙን ጀመረ። ብዙዎች እንዳደረጉት በአንድ ጊዜ ራዲዮን አልተወም። መጀመሪያ በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ በቴሌቪዥን እየታየ አዲሱን መሣሪያ አጠና፤ የራዲዮ ሥራውንም እስከ 1955 ቀጠለ። በራዲዮ ዝምታ የነበረው በቴሌቪዥን መልክ አገኘ። የሚያስከፋ ነገር ሲነገረው እጁን በጉንጩ ላይ አኑሮ፥ ፊቱን ቀስ ብሎ ወደ ተመልካቹ በማዞር፥ ተመልከቱ የሚሉኝን የሚል በሚመስል ዐይን ያያል። ያ አንድ እይታ ከብዙ ንግግር ይበልጥ ያሥቅ ነበር። ሳምንታዊው የቴሌቪዥን ፕሮግራሙ በ1965 ካበቃ በኋላም በየጊዜው በልዩ ፕሮግራሞች ይታይ ነበር።

ከ1956 ጀምሮ ደግሞ ከታላላቅ የሲምፎኒ ኦርኬስትራዎች ጋር እየተቀመጠ ሆን ብሎ እያበላሸ ቫዮሊን ይጫወት ጀመር። ሕዝቡ የጃክ ቤኒን መጥፎ ቫዮሊን ለመስማት ውድ ቲኬት ይገዛል፤ ገንዘቡም ለኦርኬስትራዎቹ መደገፊያ ይውላል። በዚህ መንገድ የተሰበሰበው ብዙ ሚሊዮን ዶላር ነው። በራዲዮ አንድ ሳንቲም ለመክፈል የሚጨነቀው ሰው በእውነተኛው ሕይወቱ ለጋስ እንደ ነበረ የሚያውቁት ሁሉ መስክረውለታል። ወላጆቹ የተመኙለት የሙዚቃ መድረክ ላይም የደረሰው በዚህ ዐይነት ነው።

ጃክ ቤኒ በታኅሣሥ 1974 በሰማንያ ዓመቱ በካንሰር ሕመም ሞተ። በዚያን ጊዜ ሁለት የሸመገሉ የቮድቪል ቀልደኞችን ታሪክ በሚያሳየው ‘ዘ ሰንሻይን ቦይስ’ በተባለ ፊልም ውስጥ ለመሥራት ተዘጋጅቶ ነበር። ቦታውን የወሰደው የረጅም ዘመን ወዳጁና ራሱም የቮድቪል ሰው የሆነው ጆርጅ በርንስ ነው፤ በዚህም ሥራ በ1976 የኦስካር ሽልማት ተቀበለ።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የቀረበውን ስናጠቃልል ሦስት ነገሮችን እናገኛለን። አንደኛ፥ አዲስ መሣሪያ በመጣ ጊዜ የድሮው ጥበብ ሁሉ ከንቱ አይሆንም። ቤኒ ከቮድቪል ይዞት የመጣው ቀልዱን ሳይሆን የጊዜ አጠባበቁን ነው፤ ቀልዱ ቢያልቅም ይህ አላለቀም። ሁለተኛ፥ ራዲዮና ቴሌቪዥን በየሳምንቱ አዲስ ነገር ስለሚጠይቁ፥ ለረጅም ጊዜ ሊቆይ የሚችለው ሕዝቡ እንደ ጎረቤቱ የሚያውቀው ጠባይ ያለው ሰው ነው። ሦስተኛ፥ ሣቅ በማን ላይ እንደሚወርድ መጠየቅ ይገባል። ቤኒ ስስቱን፥ ዕድሜውንና ትምክህቱን ለሕዝብ ሣቅ አሳልፎ ሲሰጥ ማንም አልተጐዳም፤ እያንዳንዱ አድማጭ የራሱን ድካም በሌላ ሰው ላይ አይቶ ቀለል ይለው ነበር። በሮቸስተር የመጀመሪያ ዘመን ግን ሣቁ በአንድ የተገፋ ሕዝብ ላይ ስለ ወረደ ኋላ መታረም አስፈለገው።

ስለ ቴአትርና ስለ ሥነ ጽሑፍ የምናጠና ተማሪዎች ለትራጀዲ የምንሰጠውን ያህል ጥሞና ለቀልድ አንሰጥም። ይሁን እንጂ የአንድን ዘመን ሕዝብ ልብ ለማወቅ ያለቀሰበትን ብቻ ሳይሆን የሣቀበትንም መመርመር ያስፈልጋል። የጃክ ቤኒ ሥራ ለዚህ ዐይነቱ ምርመራ ሰፊ ቦታ ይከፍታል።